ሰባት ለሦስት

ሥራዬ ብርጭቆና ጠርሙስ መስበር ነው። ሰብሬ በብረት ሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ ዱቄቱን የሸክላ ቅርጽ ውስጥ ሞልቼ መሃሉ ላይ የስንዴ አገዳ እሰካና እቶን ውስጥ እከተዋለሁ። አገዳው ተቃጥሎ ቀዳዳ ይሆናል፣ ዱቄቱ ዶቃ። አዳማ ውስጥ የሚያየው ሁሉ «ከቻይና ነው አይደል?» ይለኛል። መመለስ ከተውኩ ቆየሁ።

ማክሰኞ ሐጂ ጂብሪል ከአርሲ ነገሌ መጡ። በመሐረብ የጠቀለሉትን የሻይ ብርጭቆ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የሟች ባለቤታቸው የፎዚያ ነው። ሦስት ሴት ልጆቻቸው «ለእኔ ይገባል» ሲባባሉ ተኳርፈው፣ ከቀብሩ ወዲህ አይነጋገሩም። አባትየው ለዒድ አንድ ትሪ ከበው ሊያዩዋቸው ይፈልጋሉ።

«ዶቃ አድርገሽ አካፍይልኝ፣ ፋዲላ» አሉ።

«ሰባት ዶቃ ይወጣዋል፣ ሐጂ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት ለሦስት አይካፈልም። በትርፏ ይጣላሉ።»

እንግዳ ናቸውና ሻይ አዘዝኩ። ጠጥተው ሲጨርሱ እቶኑን ላሳያቸው ወደ ጓሮ ስንሄድ፣ ጎረቤቴ ሻይ ሻጯ ጉዲቱ እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ብርጭቆ ሁሉ ሰብስባ ሄደች። ስንደርስባት አጥባ ከራሷ ብርጭቆዎች ጋር ደፍታዋለች። አሥራ ስምንት ብርጭቆ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ጉዲቱ።

ሐጂ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሱ አዩ። አልለዩትም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሠላሳ ዓመት ፎዚያ በዚያ ብርጭቆ ያስተረፈችውን ሻይ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ» አሉና ተቀመጡ። «በሁሉም ቅጂልኝ።»

ጉዲቱ በአሥራ ስምንቱም ቀዳች። ስኳር በሽታ ስላለባቸው ያለ ስኳር ነው። ከእያንዳንዱ ፉት እያሉ ቀጠሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ። ብርጭቆውን ከከንፈራቸው ሳያነሱ እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ የቀሩትንም ፉት አሉ፤ የተቀዳ ሻይ መተው ነውር ነው።

«ይሄኛውን ለብቻው ልውቀጠው?» አልኳቸው።

«ትርፏን ረሳሻት?» አሉ፣ ለጉዲቱ የብርጭቆዎቿን ዋጋ እየሰጡ። «ሁሉንም ቀላቅይው።»

መቶ ሃያ ስድስት ዶቃ ይወጣል። ለሦስት ይካፈላል።

አጠገቤ ቆመው ስወቅጥ አዩ። አሥራ አንደኛውን ሙቀጫ ውስጥ ስከተው ብቻ «ቀስ በይ» አሉኝ።

ብርጭቆ ቀስ ተብሎ አይወቀጥም። ቀስ ብዬ ወቀጥኩት።