ሁለተኛው ዓይን

ሙሴ ሬናቶ ሚስቱን ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን ሣላት። አገሩም ጉድ አለ።

ሳያውቅ ቀርቶ እንዳይመስላችሁ። ከጣሊያን መጥቶ ቢቸና ላይ ብሩሹን ካነሣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ከአገሬው ሠዓሊዎች እኩል ያውቃል። ስንቱን ይሁዳ በአንድ ዓይን ሥሎ እንጀራውን በልቷል! ሚስቱ አሰጋሽ ስትሞትበት ግን በሁለት ዓይን ሊሥላት ልቡ እምቢ አለው። ከእመቤታችን እግር ሥር አንበርክኮ፣ እጇን አጣምሮ፣ ቀኝ ጉንጯን ብቻ አሳየ። በትውልድ መንደሩ ለሟች ክብር የሚሰጠው እንዲያ በጎን በመሣል ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረው፣ ለሰው የማይነገር። የአሰጋሽ ግራ ዓይን በልጅነቷ በጭራሮ ተወግቶ ጠፍቷል። ከተጋቡ ጀምሮ ማዕድ ላይም፣ መኪና ላይም፣ ፀሐይ ሲሞቁም የምትቀመጠው በግራው በኩል ነበር፤ እሱ የሚያየው ደህናውን ወገን ብቻ እንዲሆን። እሱም አንድ ቀን እንኳ አጎንብሶ ወዲያኛውን ወገን አላየም። ሳይነጋገሩ የተግባቡት ነገር ነው። ልጅ አልወለዱም። ዛሬም ብቻውን ሲበላ አግዳሚው ላይ በግራው ቦታ ይተዋል።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምህር አካለ ወልድ ቤቱ ድረስ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ የመጡበት ነገር ከብዷቸው ሻዩን እንኳ አልጠጡም።

«ሙሴ፣ ሕዝቡ አልወደደውም» አሉት። «እንዲያ ያለች ሴት እንዴት ከኃጥአን ጋር ትቆጠራለች ይላል። ለየካቲት ዐሥራ ስድስት በዓል ሁለተኛውን ዓይን ይጨምሩላት። ያለዚያ ኖራ ይቀባበታል።»

ኖራ ከተቀባ አሰጋሽ ከዚህ ዓለም ፈጽማ ጠፋች ማለት ነው። ተዘግቶ የነበረው መንገድ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ጠብቆ በሚኒባስ ቢቸና ወረደ፣ የአሰጋሽ ታላቅ እህት አስናቀች ዘንድ። ሥዕሉን ካየች ወዲህ ስልኩን አታነሣም ነበር።

«እህቴ ምን በድላህ ነው?» አለችው ገና ከበሩ ላይ።

ግባም ሳትለው ነገራት። «እትዬ፣ ግራ ዓይኗን እንደ ጠፋ ብሥለው ታፍርብኛለች። ደህና አድርጌ ብሥለው ደግሞ እሷ አትሆንም።»

የአስናቀች እንባ መጣ። «ወይ አንተ ሞኝ! እሷ አሁን ያለችው በሰማይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጎዶሎ የለም። ሁለቱንም ደህና አርገህ ሣልልኝ። ሳይጠፋ እንዴት ያለ ዓይን እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ» አለችና ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችለት። የእህትማማች ዓይን አንድ ነው። ያንኑ በወረቀት ሥሎ ተመለሰ።

ሞጣ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የድሮዋን ፊት በቀለም መድፈን ነበረበት። ግንባሯን ደፈነ። አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ብሩሹን አስቀምጦ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ቀሪውን ደፈነው።

በበዓሉ ቀን ምእመኑ ግድግዳው ፊት ተጋፋ። ሴቶቹ እልል አሉ። መምህር አካለ ወልድ ፊታቸው በራ። አስናቀች ከቢቸና ድረስ መጥታ የእህቷን እግር በእጇ ዳስሳ ሳመች።

ሬናቶ ከሰው ኋላ ቆሞ ቀና አለ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሏት ቆንጆ ሴት ፊት ለፊት ታየዋለች። አያውቃትም። ሠላሳ ዓመት በግራው የተቀመጠችውን ሴት በፊቷ ላይ ፈለጋት፤ አጣት።

አስናቀች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች መጥታ ክንዱን ያዘችው። «አልመሰለችም?»

«ቁርጥ እሷን፣ እትዬ» አላት።

የሱ አሰጋሽ ከአዲሱ ቀለም ሥር ናት። እውነተኛዋ ያቺ መሆኗን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም የለም።