የይሉኝታዋ ክሮኬታ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1987፣ ዕለቱ እሑድ፣ ዕድሜዬም ስልሳ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ነበር። በዚያን ቀን እኔ ኤላዲዮ፣ አርባ ዓመት በወይራ ዘይት መጭመቂያ ቤት ያገለገልሁ ሰው፣ በአንዲት ክሮኬታ፣ ከጨው ዓሣ ተድቦልቡላ በዘይት በተጠበሰች ጉርሻ ምክንያት፣ የሕይወቴን ትልቁን ውጊያ ተዋጋሁ። ውጊያው የተካሄደው በስፔን፣ በሃኤን አውራጃ፣ በከተማችን አደባባይ ላይ በሚገኘው የባሲሊሳ መጠጥ ቤት፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ አራት ነበርን። አንደኛው ክሪስፒን ነው፤ ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ፣ መቀሱን ቢሰቅልም ምላሱን ያልሰቀለ። ሁለተኛው ዶን ሳቱርኒኖ ናቸው፤ የማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ መዝገብ ሹም፣ በበጋው ሐሩር እንኳ ከረባታቸውን የማያላሉ። ሦስተኛዋ የእሳቸው እህት ኦብዱሊያ ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት፣ ከወንድሟ ቤት ትኖር ነበር፤ ማታ ማታም በጎልማሶች ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ታስተምር ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። አራተኛው እኔ ነኝ።

በዚያ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኦብዱሊያ በማድሪድ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከዚያም በሰሜን ወዳለችው የቢልባኦ ከተማ ተሻግራ፣ ከልጇ ጋር ልትኖር ነበር፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለዘለቄታው። ሻንጣዋ ከመጠጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆሟል። እኔ እንድትቀር ከምንም በላይ እሻ ነበር። ሆኖም በሰባት ዓመት ውስጥ ከትምህርት ውጪ ለእሷ የተናገርሁት ነገር ቢኖር “ዛሬ ይነፍሳል” እና “ዛሬ ደግሞ አይነፍስም” የሚል ብቻ ነው። ወንድሟ በበኩላቸው ጉዞዋን እጅግ ይፈልጉት ነበር። ምክንያታቸውን ግን ለማንም አልነገሩም፤ ክሪስፒን ብቻ ያውቅ ነበር፤ ክሪስፒን የማያውቀው ነገር የለምና።

አሁን ስለ ሥርዓቱ ልናገር። እኛ ዘንድ በትንንሽ ሳህን የሚቀርበው ምግብ ለአንድ ሰው አይመጣም፤ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ይካፈላል። ከሳህኑ የምትቀረውን የመጨረሻዋን ቁራሽ ግን ማንም አይነካም። እሷ ‘የይሉኝታዋ’ ትባላለች። ወስዶ የጎረሰ ሰው ስስታም ይባላል፤ ስሙም እስከ ልጅ ልጅ ይዘልቃል። የባሲሊሳ ክሮኬታ ደግሞ በልተኛው ስንትም ይሁን ስንት፣ በእናቷ ልማድ፣ ዘጠኝ ሆኖ ነው የሚመጣው። ለአራት ሰው ሁለት ሁለት ይደርሳል፤ አንዲት ትተርፋለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በመጀመሪያ የቀረበው የወይራ ፍሬ አለቀ፤ ክሮኬታው መጣ። ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን አንዲቱ ብቻዋን ቀረች፤ ወርቃማ፣ ክብ፣ እንፋሎቷ ገና ያልበረደ።

“ኦብዱሊያ፣ ውሰጃት እንጂ” አሉ ዶን ሳቱርኒኖ። “ረጅም መንገድ ይጠብቅሻል።”

“እኔ ጠግቤአለሁ። አንተ ውሰዳት።”

“እኔ? በስመ አብ! ክሪስፒን ይውሰድ።”

“ይቅርብኝ” አለ ክሪስፒን። “ዛሬ ብጎርሳት ነገ ከተማው ‘ክሪስፒን ከሦስት ሰው አፍ ነጠቀ’ ይላል። አርባ ዓመት ሰው እየላጨሁ ስንቱን አማሁ! ወሬ እንዴት እንደሚቦካ ለእኔ አይነገረኝም።”

ዶን ሳቱርኒኖ ወደ ማድ ቤቱ ተጣሩ። “ባሲሊሳ! ቀጣዩን ሳህን፣ ኩላሊቱን አምጪ!”

“ሳህኑ ባዶ ነው?” የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

“አንዲት ቀርታለች።”

“እንግዲያው ኩላሊቱም ይቀራል። እናቴ ምግብ ያለበት ሳህን ሳይነሣ ሌላ ሳህን አስቀምጣ አታውቅም። እኔም ከእናቴ አልበልጥም።”

ኦብዱሊያ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከኩላሊቱ ቀጥሎ ደግሞ በለውዝ የተሠራ የሥጋ ድብልብል ይጠበቃል። ማዕድ ሳያልቅ መነሣት በእነሱ ቤት ነውር ነው። ይህንንም ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማሯት ታላቅ ወንድሟ ዶን ሳቱርኒኖ ራሳቸው ነበሩ።

በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ቀጥሎም ክሮኬታዋን አየሁ። አእምሮዬ ዝግ ያለ ቢሆንም ይህች ስሌት አልጠፋችውም። እስከ አሥር ሰዓት ክሮኬታዋ ከቆየች፣ ኦብዱሊያም ትቀራለች።

የዶን ሳቱርኒኖ ሹካ ከወደ ጎን እንደ ዘበት ስትንፏቀቅ ተመለከትሁ። ወዲያው ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

“ዶን ሳቱርኒኖ፣ ይውሰዱ እንጂ! ምን ያሳፍራል? ርቦዎት ከሆነ እኛ ማን ነን የምንፈርድብዎት?”

ስድስት ጠረጴዛ ዞሮ አየ። ሹካዋ ቦታዋን ያዘች። እሳቸውም ከረባታቸውን አስተካከሉ።

“ማን ራበው?” አሉ። “ቁርሴን በደንብ ነው የበላሁት።”

ክሪስፒን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “አንተ ቀበሮ! ምን እየሸረብህ ነው?”

“ምንም።”

“ጆሮህ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ቆይ... ሰዓቱን ታያለህ፣ ክሮኬታዋን ታያለህ፣ እሷን ታያለህ። ገባኝ!” ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በታላቅ ትሕትና “ወዳጄ፣ እኔ ከአንተም ከእሳቸውም ጋር አይደለሁም፤ ከጭቅጭቁ ጋር ነኝ” አለ።

ዶን ሳቱርኒኖ ሌላ ዘዴ አሰቡ። ሳህኑን አንሥተው ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዘረጉና “ወንድሞቼ፣ በፍቅር ተቀበሉን” አሉ። በዚያ የተቀመጡት ሦስት አናጢዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ የራሳቸውን ሳህን ቀና አድርጎ አሳየ፤ በላዩ አንዲት የተጠበሰች ቃሪያ ለብቻዋ ተጋድማለች።

“የራሳችን ይሉኝታ መች አነሰንና ነው የእናንተን የምንቀበል?” አለ።

ሳህኑ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሆነ። የመዝገብ ሹም ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ዶን ሳቱርኒኖ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ልማዱ ስለ ሙሉ ቁራሽ እንጂ ስለ ግማሽ የሚለው ነገር የለም” አሉና ክሮኬታዋን እኩል ለሁለት ቆርጠው ግማሿን ዋጡ። መጠጥ ቤቱ አጉረመረመ፤ የሕግ ክርክራቸውን ግን ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም። ችግሩ የተረፈችው ግማሽ ወዲያው የመጨረሻዋ መሆኗ ነበር።

“ክሪስፒን፣ ተራህ ነው” አሉ እየላባቸው።

ክሪስፒን ምላጭ እንደያዘ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የግማሿን ግማሽ ወሰደ። ቀጥሎ ኦብዱሊያ ከሩቧ እኩሌታውን በቢላዋ ጫፍ ለይታ ቀመሰች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አይነበብም ነበር፤ ተማሪ ሲኮርጅ እያየች ዝም ስትል የምታሳየው ፊት ነው። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቅርፊቷን ብቻ ገለጥሁና በላሁ። ሳህኑ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀረች። ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆነ።

“ኦብዱሊያ፣ ተነሺ በቃ!” አሉ ዶን ሳቱርኒኖ።

“ማዕድ ሳያልቅ?”

“ይህ ማዕድ ነው? ይህ ፍርፋሪ ነው!”

“ፍርፋሪ ከሆነች ብላታ።”

ሳቅ ሆነ። ዶን ሳቱርኒኖ የወይን ብርጭቋቸውን አነሡና ጨለጡት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ እኛ አገር የብቅሉን ሥራ የሚሠራው ወይን ነው።

“አውቶቡሱ ሊያመልጥሽ ነው እኮ! ነገ ጠዋት ደግሞ የሽቦ ቤቶቹ ይመጣሉ!”

“የምን የሽቦ ቤት?”

ክሪስፒን ጣራውን እያየ “የካናሪዎቹ ነዋ” አለ። “ወንድምሽ ያዘዛቸው ሠላሳ ሁለት ቢጫ ወፍ። መኝታ ክፍልሽ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል አሉ፤ ለዝማሬያቸው ይስማማቸዋል።”

“ሠላሳ ሁለት ወፍ” አለች ኦብዱሊያ ቀስ ብላ። “በእኔ አልጋ ላይ።”

“አልጋሽ ላይ አይደለም!” አሉ ወንድሟ በቅን ልቡና። “አልጋውንማ አወጣዋለሁ።”

ከዚህ በኋላ የሚያፍሩበት ነገር ያለቀባቸው መሰለኝ። ሹካቸውን አነሡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ወደ ሳህኑም ወረዱ። ስድስቱም ጠረጴዛ ለሙታን እንደሚጸልይ ጉባኤ ቆሞ ተመለከተ። እኔ ግን ያለኝን የመጨረሻ ጥይት ተኮስሁ።

“ዶን ሳቱርኒኖ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደ እርስዎ ያለ ሥርዓት አዋቂ ሳይጠይቅ አይወስድም። እያንዳንዱን ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ።”

ይህ እውነት ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። ጥርሳቸውን ነክሰው ጀመሩ።

“ኤላዲዮ፣ ትፈልጋታለህ?”

“ኧረ እኔ አልፈልግም። እርስዎስ?” ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ብዬ መለስሁ፤ በእያንዳንዱም ስለ ጤንነታቸው ጠየቅሁ።

“ክሪስፒን፣ አንተስ?”

“ላስብበት” አለ ክሪስፒን።

“ምን የሚታሰብ አለው!”

“ሆዴን ልጠይቀው። ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ አይመልስም።” ሁለተኛም ተጠየቀ። “በመርሕ ደረጃ አዎን፣ በተግባር አይደለም” አለ። ሦስተኛም ተጠየቀ። “ጥያቄውን አልሰማሁትም፣ በዚህኛው ጆሮዬ ይድገሙልኝ።”

“ኦብዱሊያ!” ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ሊያለቅስ እንደቀረበ ልጅ ድምፅ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከአደባባዩ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተነፋ። ኦብዱሊያ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁ የቤተ ክርስቲያኑን ማዕዘን ዞረ፤ በዘይት መጭመቂያው መንገድ ቁልቁል ወረደ፤ ጠፋ። ያን ጊዜ ጣቷን ልሳ ያችን ሽምብራ ከሳህኑ ላይ አነሣችና አፏ ውስጥ ጨመረቻት። አንድም ሰው ስስታም አላላትም።

“ባሲሊሳ!” አለች። “ኩላሊቱን አምጪ።”

ሳህኑ ተቀየረ። ዶን ሳቱርኒኖ ከወንበራቸው ጋር ተጣብቀው ቀሩ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

“ኤላዲዮ፣ ስለ አንዲት ክሮኬታ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሟገትህ። አሁን ደግሞ ስለ ራስህ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገር።”

ተነሥቼ ቆምሁ። ለምን እንደቆምሁ አላውቅም፤ በክፍል ውስጥ እንደዚያ ነበር የለመድሁት። ልቤ እንደ መጭመቂያው ድንጋይ ይዞር ነበር።

“ነገም አውቶቡስ አለ” አልሁ።

ክሪስፒን ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ። ከአናጢዎቹ አንዱ “ኧረ የአምላክ ያለህ፣ አንድ ሰው ይርዳው!” ሲል ሰማሁት።

“አለ” አለች ኦብዱሊያ። “ትክክል ነው፤ ግን የጠየቅሁህ ስለ አውቶቡስ አይደለም። ድገም።”

“አይሂዱ” አልሁ። “ነገም፣ ከነገ ወዲያም አይሂዱ። ከእኔ ጋር ይኑሩ። ወፍ የለኝም።”

ዳቦ ቆርሳ በኩላሊቱ መረቅ አጠቀሰችና በእጄ ሰጠችኝ። “ተቀመጥ፣ ይቀዘቅዝብሃል” አለች። እሷ ግን ተነሥታ ከባሲሊሳ ስልክ ወደ ቢልባኦ ደወለች። የነገረችውን ሁሉ አልሰማሁም፤ “አይ ልጄ፣ አልታመምሁም፤ ምሳ ረዝሞብኝ ነው” ስትል ግን ሰምቻለሁ።

በጃንዋሪ ተጋባን። ካናሪዎቹም ክፍሉን አገኙ፤ ዶን ሳቱርኒኖ ከዚያ በኋላ ይቅር ያሉኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ክሪስፒን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ክሮኬታዎቹ ሰባት ነበሩ፣ ጡሩምባውም ሦስት ጊዜ ተነፍቷል፣ ኤላዲዮም ቆሞ ሳይሆን ተንበርክኮ ነበር እያለ ያወራ ነበር። ኦብዱሊያ ደግሞ “ወፍ የለኝም” አላልህም ትለኛለች። እኔ የጻፍሁት እንደማስታውሰው ነው፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። በዚያን ዕለት ከስድስቱ ጠረጴዛዎች በአንዱ የተቀመጣችሁና ይህ የደረሳችሁ ሰዎች ብትኖሩ፣ ቁጥር አሳስቼ፣ ሰዓት አዛብቼ፣ ወይም በዶን ሳቱርኒኖ አፍ ያላሉትን አኑሬ እንደሆነ፣ እባካችሁ አርሙኝ።