የአለቃ ጥፍር

አለቃ ሐሙስ ጠዋት ከቆጡ ወረደ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ቁጭ አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ የተበተነለትን ጥሬ ዓይኑን አጉረጥርጦ እያየ፣ እንዲያመጡለት የሚጠብቅ መሰለ። ልብስ ሰፊዋ አመጣችለት። ለዚህ አውራ ዶሮ «አለቃ» የሚለውን ስም ያወጣችለት ራሷ ስለሆነች፣ ስታገለግለው ብትውል የምትወቅሰው ሰው አልነበራትም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዶሮው ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ከእግሩ በስተኋላ፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ የሚወጣው ቀንድ መሳይ ጥፍር በጎረምሳነቱ የጣት ጫፍ የሚያህል ነበር። አሁን ረዝሞ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። የግራው የቀኙን እግር ይወጋል፣ የቀኙ የግራውን። በተራመደ ቁጥር የሚቧጭረው ራሱን ነው።

ልጇ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆሞ ዶሮውን አየው።

«እማዬ፣ ይሄ እንስሳ እየተሰቃየ ነው» አላት። «እስከ እሁድ ካልተራመደ እንረደውና ይረፍ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«አንተ ጉልበቴን አመመኝ ስትል ማን አረደህ?»

ልጇ ስቆ ወጣ። ነገር ግን የተናገረውን የማያጥፍ ሰው ነው፤ እንደዚያ አድርጋ ያሳደገችው ደግሞ እሷው ናት። ዶሮውን አንስታ አቀፈችው።

ዶሮ ለምን እንደዚህ ያንሰፈስፋታል የሚል ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ውሎ የማያውቅ ነው። ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ አልለይ ካላት ሁለት ዓመቷ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። ልጇና ሚስቱ ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲመሻሽ ይመለሳሉ። በመሀል ያለውን ረጅም ሰዓት የምታወራው ከአለቃ ጋር ነው። እሱም የመኪናዋ መርገጫ ላይ ጉብ ብሎ አንገቱን እየሰበቀ ያዳምጣታል፤ ስለ ጎረቤት ሲሆን ደግሞ በተለይ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ሁሉም ከወጣ በኋላ ጉዳዩን በራሷ እጅ ልትጨርስ ተነሳች። ካፖርት የሚቆርጠውን ትልቁን መቀስ አወጣች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪ ያሳጠረች ሴት ናት፤ ለእሷ የረዘመ ነገር ሁሉ ትርፍ ነው፣ ትርፍ ደግሞ ይቆረጣል። ሜትሯን ዘርግታ የግራውን ጥፍር ለካች፣ ግማሹ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች፣ ዶሮውን በጉልበቷ መሀል ይዛ ቆረጠች።

ደሙ ፈነጠቀ። ውጪው የሞተ ቀንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሕይወት ያለው ሥጋ መሆኑን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም ነበር። እንደ ምንም ብላ ዱቄት አፈሰችና ጫፉ ላይ ጭና፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ፣ ይቅር በለኝ» እያለች ያዘችው። ቀኙን ለመንካት ወኔ ከየት ይምጣ? መቀሱን መልሳ ቆለፈችበት።

ዓርብ የምራቷ የዕረፍት ቀን ነው።

ምራቷ በአንድ የውበት ሳሎን ጥፍር ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት ልጇ መጀመሪያ ቤት ያመጣት ዕለት ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ጠይቃት ነበር። «ጥፍር እሠራለሁ» ስትላት፣ «ጥፍር በራሱ ያድግ የለም እንዴ? አንቺ ምኑን ነው የምትሠሪው?» አለቻት። ልጅቷ ፈገግ ብላ አለፈችው። አለፈችው እንጂ ልብስ ሰፊዋ አላለፈችውም፤ ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ ደጋግማዋለች። ታዲያ አሁን በየትኛው አፏ ትለምናት? መቀመጫ እንዳጣ እንግዳ ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ስትል አረፈደች።

በመጨረሻ ምራቷ ሰሃን የምታጥብበት ቦታ መጥታ ቆመች።

«ሥራ አለሽ?»

«ሰሃን ነው፣ እማማ። ምን ፈለጉ?»

«አይ፣ ምንም።» ልትመለስ ዞር አለችና ቆመች። «አንድ ደንበኛ መጥቶልሽ ነበር።»

«ለኔ? እዚህ? ማነው?»

«ዶሮው።»

ምራቷ እጇን በሽርጧ አድርቃ ወጣችና አለቃ ከተቀመጠበት ሥር ተንበረከከች። የግራ እግሩ ፋሻ ለብሷል። ፋሻው ዙሪያውን ተዘምዝሟል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አለችው። ልጅቷ ቁልፏን ፈታች፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች፣ መልሳ ቆለፈች። ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ማን ይሆናል!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወዲያው ድምፅዋ ወረደ። «ትርፍ መስሎኝ ነው።»

«ደሙ ደርቋል፣ አይስጉ። ይሄን እስኪድን አንነካውም፤ አጥሯልም። ቀኙን ግን ዛሬ እንጨርሰዋለን።»

«አትቁረጪው።»

«አልቆርጠውም። እኔ የምሞርድ ሰው ነኝ።»

መስኮቱ ሥር፣ መኪናዋ አጠገብ፣ ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ዶሮውን ክንፉ እንዳይራገብ በፎጣ ጠቅልላ ታቀፈችው፤ ራሱን በፎጣው ጫፍ ሲሸፍኑለት ጸጥ አለ፣ አፍንጫው ግን ክፍት ነበር። ምራቷ ቀኝ እግሩን በሳህን ባቀረበችው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረች። ጥፍሩ ረጠብ ሲል ቆሻሻውን በብሩሽ አጠበችለት።

«ውሃው አቃጠለዎት?» አለችው ዶሮውን።

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ደነገጠች። «ለደንበኛ ስለምል ለምዶብኝ ነው።»

«አንቱ ማለቱ ይገባዋል» አለች አሮጊቷ ኮስተር ብላ። «ቀጥይ።»

ምራቷ የስልኳን መብራት ከጥፍሩ ኋላ አበራች። ቢጫው ቀንድ ውስጥ፣ ከእግሩ ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ቀላ ያለ ጥላ ታየ። በጣቷ አሳየቻት። «ሕይወት ያለው እዚህ ድረስ ነው፣ እማማ። ከዚህ ያለፈው ብቻ ነው ትርፉ። ጠመኔዎ የት አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን ከመሳቢያ አወጣች። ዓይኗን አጥብባ ጥላውን ፈለገች፣ አገኘችውም። መስመሩን ግን ጥላው ያለቀበት ላይ አላደረገችም፤ ከዚያ አለፍ አድርጋ አሰመረች።

«ለምን አራቁት?»

«ጨርቅም ቢሆን ለስፌት ሳታስተርፊ አትቆርጪም። ትናንት የጠፋኝ እሱ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። ሞረዷን አነሳች፤ በአንድ እጇ ጥፍሩን ሥሩ ላይ ደግፋ ይዛ፣ በሌላው ከጫፉ ጀመረች። አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳትጫን፣ ሳትቸኩል። ዱቄቱ ጉልበቷ ላይ ይረግፋል። አለቃ ምንቃሩን ከፍቶ ማለክለክ ሲጀምር ትታ ትጠብቀዋለች፣ ሲረጋጋ ትቀጥላለች። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ብዙ እጅ አይታለች፤ ሰነፍ እጅ፣ ቸኳይ እጅ፣ ሌባ እጅም ጭምር። እንደዚህ የሚታመን እጅ ግን ከስፌት መምህሯ ወዲህ አላየችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ማዕድ ስትበላ አጠገቧ የነበረ እጅ ነው። ራሷን ታዘበች።

የጠመኔው መስመር ጋ ስትደርስ ልጅቷ አቆመች። ሹሉን ጫፍ ድብልብል አድርጋ አለሰለሰችው፣ ቫዝሊን ቀባችው። «ጨርሰናል፣ ጌታዬ» አለችው።

አለቃን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ቆመ። አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱ ሴቶች አዩት። አንድ እግሩን አነሳ፣ ጥፍሩ እንዳይነካው እንደ ለመደው አራርቆ አኖረው። ሁለተኛውን አነሳ። ምንም አልወጋውም። ቆም ብሎ ያሰላሰለ መሰለ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ ባለ ቁልፍ ፋሻውን እንደ ሽልማት ይዞ፣ በሩን አልፎ ወደ ግቢው ወጣ። ሴት ዶሮዎቹ መንገድ ለቀቁለት።

ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ምንም አላፈረችም። «ተረፈልኝ» አለች፣ «አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ።»

ምራቷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ሳህኑን አንስታ ውሃውን ልትደፋ ስትል አሮጊቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆዪ እስቲ።»

«ምነው? ደከመዎት?»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ልትል ሞከረች፣ ወገቧ እምቢ አላት። በቀኝ እግሯ የግራ ጫማዋን ተረከዝ ረግጣ አወለቀችው፤ ካልሲውንም እንደዚያው እየታገለች ጣለችው። የትልቁ ጣቷ ጥፍር ወፍሮ፣ ተቆልምሞ ጎኑን በልቶታል፤ ዙሪያው ቀልቷል።

ልጅቷ ሳህኑን አስቀመጠች። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና የአሮጊቷን እግር አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አልደርስበትም።»

«እስከዛሬ በዚህ እግር ነው የሚራመዱት? አንድ ቤት እየኖርን? ለምን አልነገሩኝም፣ እማማ?»

«አንቺን መጠየቅ አፍሬ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። እግሯን ግን አልሳበችም።