የአራት ምት ዝምታ

ጥፊው ያረፈው ሦስተኛው ስንኝ መሃል ላይ ነበር። ሚጢጢ ስትዘፍን ዓይኗን ስለምትጨፍን ሲሰነዘርባት አላየችም። የጆሮ ማዳመጫውን ግራ ጎን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የመዝፈን ልማድ አላት፤ የታላቅ ወንድሟ መዳፍ ያገኘው ያንን ባዶ ጆሮ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ፤ አፏ ደም ደም አላት። በቀኝ ጆሮዋ ግን ቀደም ብሎ የተቀዳው ከበሮ መምታቱን አላቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣና ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይዞት ሄደ።

ሃያ ሦስተኛው ሙከራ ነበር። ወንድሟ ጊታር ይጫወታል፣ ግጥምና ዜማ ይሠራል፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ሰው ያዛል፤ የባንዱ ልጆች ኮማንደር የሚሉት ለዚህ ነው። ከጧት ጀምሮ "በሁለቱም ጆሮሽ ስሚ፣ ከምቱ እየወጣሽ ነው!" እያለ ሲጮህባት አርፍዷል። በሃያ ሦስተኛው ላይ መጮኹን ተወና ማይክራፎኑ ወዳለበት ክፍል ገባ።

ከበሮ መቺው ከሶፋው ተስፈንጥሮ ተነሣና የኮማንደርን አንገት አነቀ። ንፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጫጫ ነው፤ ክንዱ ግን የከበሮ መቺ ክንድ ነው። ኮማንደርን ፍራሽ ከተለጠፈበት ግድግዳ ጋር ሁለት ጊዜ አላተመው። ኮማንደር በክርኑ አፍንጫውን አለው፤ ደሙ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ጊታሩ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ።

"ቆይ፣ ቆይ! ኧረ ተዉ!" አለ የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ። "መጀመሪያ ይህን ስሙት።"

ሰሙት። ድሮ የመኪና ማቆሚያ በነበረችው ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ አንዱ አፍንጫውን በሸሚዙ ይዞ፣ ሌላው እያለከለከ፣ ሚጢጢ የጋለ ጉንጯ ላይ የውሃ ጠርሙስ ለጥፋ፣ ቆመው ሰሙት። ድምፅዋ መጣ። ጥፊው መጣ። የአራት ምት ዝምታዋ መጣ። ከዚያ ያ ድምፅ። እውነቱን ለመናገር እሷም ከዚያ በፊት እንዲህ ዘፍና አታውቅም፤ ይህን ማወቋ ከጥፊው በላይ አሳፈራት።

"ከዚህ የተሻለ አይገኝም" አለ ኮማንደር። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ሁለት ዓመት የለፉበት አልበም ነው። የቀረውም ያ ዘፈን ብቻ ነበር።

"ይሁን" አለች።

ሐኪሙ የጆሮዋ ታምቡር መቀደዱን ነገራት። "ከደረጃ ወድቄ ነው" አለችው። ሐኪሙ ጉንጯ ላይ የቀረውን ሰንበር አየት አደረገና፣ "ደረጃው አምስት ጣት አለው እንዴ?" አላት። ሳቀች፤ ምን ታድርግ! ከዚያ ወዲህ የግራ ጆሮዋ ከማያባራ ጩኸት በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ከወንድሟ ጋር ስትቀመጥም ሆነ ስትቆም በቀኟ እንዲሆን ትጠነቀቃለች፤ ጠርቷት ካልሰማች ጉዷ ይፈላል።

አልበሙ በወጣ በሳምንቱ የሰዉ አፍ ላይ ያ ዘፈን ብቻ ሆነ። የአውቶቡስ ሹፌር ጥፊውን ጭብጨባ መስሎት ሦስተኛው ስንኝ ላይ መሪውን ለቆ ያጨበጭባል። ጎረምሶች በዚያችው ምት ላይ ጓደኞቻቸውን በጥፊ እያጮሉ፣ ቀርጸው በስልክ ይለቁታል። እናቷ ደግሞ የስልኳ መጥሪያ አደረገችው፣ ያውም ልክ ከጥፊው ጀምሮ። ስልኩ ኩሽና ውስጥ ጧ ባለ ቁጥር ሚጢጢ አንገቷን ትቀብራለች።

"ምነው ልጄ፣ በገዛ ዘፈንሽ ትደነግጫለሽ?" ትላታለች እናቷ።

ሬዲዮ ጣቢያ የተጋበዙ ቀን ጋዜጠኛዋ፣ "ያቺ ጭብጨባ እንዲህ እስክትሰምር ስንት ጊዜ ደጋገማችኋት?" ብላ ጠየቀች።

"አንዴ ብቻ" አለ ኮማንደር። "አንዴ ከተገኘች ምን ትደገማለች?"

ጋዜጠኛዋ በሳቅ ፈረሰች። ከበሮ መቺው የተጣመመ አፍንጫውን እያሻሸ ወለል ወለሉን አየ።

የአልበሙ ምረቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሁለት ሺህ ሰው አዳራሹን ሞልቶ፣ ገና ሳይጀመር ወንበር ይደበድባል። ኮማንደር መልበሻ ክፍል ውስጥ ትእዛዙን ሰጠ።

"ሦስተኛው ስንኝ ላይ ታቆሚያለሽ። ጥፊውን ሕዝቡ በጭብጨባ ይመታዋል። አራት ቆጥረሽ ትገቢያለሽ። ካበላሸሽው..."

"ካበላሸችው ምን?" አለ ከበሮ መቺው።

ኮማንደር ወንበሩን በእርግጫ አለው፤ ወንበሩ ተሽከርክሮ ግድግዳው ላይ የነበረውን መስታወት አደቀቀው። "ካበላሸችው ታያለህ!" ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ።

በዚያው በር አንዲት ወጣት አልበሙን ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። የግራ ጉንጯ ላይ፣ ከፊት ቅባቱና ከቀለሙ ሥር፣ እብጠት ይታያል።

"ፈርሚልኝ በናትሽ! እኔና እጮኛዬ በዘፈንሽ የሠራነውን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ብታውቂ!"

"ጉንጭሽ ምን ሆኖ ነው?"

"እሱ ነዋ! ለቪዲዮው ብሎ ትንሽ በረታብኝ። እስኪያምር አሥር ጊዜ ነው የደገምነው" ብላ ሳቀች። በሩ ላይ የቆመው እጮኛዋም አብሯት ሳቀ።

ሚጢጢ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።

"ጆሮሽ ይጮኻል?" አለቻት።

የልጅቷ ሳቅ ተቋረጠ። ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እንዴት አወቅሽ?"

ጥፊው እንዳለ ይውጣ ሲባል ይሁን ያለችው ሚጢጢ ራሷ ናት። አልበሙ ላይ ፈረመችና መለሰችላት። "ከፊት ቁሚ፤ ከመድረክ ላይ እንዳይሽ" አለቻት።

መድረኩ ላይ ማይክራፎኗ እንደወትሮው ኮማንደር በቀኟ እንዲሆን ተደርጎ ተተክሏል። ከነማቆሚያው አነሣችው፣ በፊቱ አለፈች፣ ከወዲያኛው ጎኑ ተከለችው። አሁን ኮማንደር በግራዋ ሆነ። አንድ ነገር አላት፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየች።

ዘፈኑ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ የአዳራሹ እጅ በሙሉ ተነሣ። ከፊት የቆመችው ልጅ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋለች። ሚጢጢ ዓይኗን አልጨፈነችም። ጊታሩ ቆመ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን ናጠው፤ እሷ ግን መዝፈኗን ቀጠለች። ሁለተኛ ለማጨብጨብ የቃጡት እጆች ግራ ተጋብተው አየር ላይ ቀሩ። ከኋላዋ ከበሮው ተከተላት።

ኮማንደር ተጠግቶ የግራ ጆሮዋ ሥር ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸባት። የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ እጁ ለጥፊ ተነሥቶ፣ ሁለት ሺህ ሰው አየው። እሷ ምንም ሳትሰማ ወደ አራተኛው ስንኝ ገባች።