በዘይት የተቀቡ ፌሮዎች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ምጣኔ ሀብት ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ከግቢው ብዙም ሳይርቅ፣ ከእትዬ የትነበርሽ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ቤቱ ፎቅ እንዲጨመርበት ታስቦ ስለተሠራ የምሰሶዎቹ ፌሮ ከኮንክሪት ጣሪያው፣ ከሶሌታው፣ በላይ ተርፎ ቆሟል። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ብርቁ እትዬ የትነበርሽ ናቸው፤ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ በመሰላል ይወጡና ከጋራዥ በለመኑት የተቃጠለ ዘይት ጨርቅ እየነከሩ ፌሮዎቹን አንድ በአንድ ይቀባሉ። ዝገት እንዳይበላቸው ነው። ፎቁ የልጃቸው የሰውአገኝ ነው። ሐዋሳ ሹፌር ሲሆን፣ ቤቱ ካለቀ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብሏቸዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ለብረት መግዣ የሚሆን ብር አጠራቅመው፣ ልግዛ ወይስ ልቆይ ብለው አማከሩኝ። እኔ ደግሞ ስጠየቅ አላውቅም ማለት አልችልበትም፤ የሙያዬ በሽታ ነው። ፋብሪካዎች እየበዙ ስለሆነ ዋጋው መውረዱ አይቀርም፣ ይቆዩ አልኳቸው። ቆዩ። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ዋጋው እጥፍ ሆነ፣ ከዚያም ሌላ እጥፍ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እሳቸውን ግን መከራ የመከራቸው እሺ ብለው ነው። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተደወለልኝ። የብረት ፋብሪካዎች የዓመቱ ትርፍ ማደጉ ምን ያመለክታል አሉኝ። ክፍል ውስጥ የምለውን ደገምኩ፤ ብረት የሚያተርፈው ሰው ሲገነባ ነው፣ ስለዚህ ብረት ካተረፈ አገር ጤነኛ ነው። ስንት ቶን ተሸጠ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥቂት ሸጦ በውድ ዋጋም ማትረፍ አለ፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬ ቢረሳው ዜሮ ነው የምሰጠው። ድምፄ በሬዲዮ ሊሰማ ነው ብዬ ደስ ስላለኝ ግን አልጠየቅሁም። ስልኩን ገና እንደዘጋሁ ከራሴ በላይ የብረት መቁረጫ ማሽን መጮህ ጀመረ።

ተናድጄ በመሰላሉ ወደ ሶሌታው ወጣሁ። የሰፈራችን በያጅ ዳኛው ተንበርክኮ ፌሮዎቹን ከሥራቸው ይቆርጣል፤ ቁራሌው የተቆረጠውን ይከምራል። እትዬ የትነበርሽ ዳር ላይ ቆመዋል። ቁራሌው እጁ በዘይት ጠቁሮበት ያጉረመርማል። ይህ እንደ አዲስ ያለ ብረት ነው ይላል፤ የሚከፍለው ግን የውዳቂ ዋጋ ነው። የት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። ወደ ፋብሪካ ሄዶ፣ ቀልጦ እንደገና ፌሮ ይሆናል አለኝ። ዳኛው ደግሞ ቀና ሳይል፣ በዚህ ወር ብቻ ፌሮ ሲቆርጥ ይህ አምስተኛ ቤቱ መሆኑን ነገረኝ። ድሮ ለነዚሁ ቤቶች ፌሮ ያሰረው እሱ ነበር።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ሰውአገኝ ደውሎ ነበር። እዚያው አግብቷል፤ ቦታም ይዟል። ስንት ዓመት ልጠብቅ አለኝ፤ እውነቱን ነው። ክረምት ክረምት በፌሮው ሥር ውኃ እየገባ ያንተንም ክፍል አበላሸው። ቆርቆሮ ላልብሰው ብዬ ነው።»

ወቀሳውን ጠበቅሁ፤ አሁንም አልመጣም። አፈርኩ። ይቅርታ ልላቸው አስቤ አፌ ላይ የመጣልኝ ላግዝ የሚል ቃል ብቻ ሆነ። ከቁራሌው ጋር ፌሮውን በትከሻዬ እየተሸከምኩ በዚያ መሰላል ስወርድ ስወጣ ረፈደ። ሶሌታው ባዶውን ቀረ።

ስድስት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ ዜና ጀመረ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር፤ የዘይቱ ጥቁረት ግን አለቀቀኝም። የራሴ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ አገሩ እየተገነባ መሆኑን አስረዳ። እትዬ የትነበርሽ እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ሸጋ ተናግረሃል መምህር» አሉኝ። «ልጄ ይህን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይታገሥ ነበር።»

ፊታቸውን አየሁት። ሽሙጥ አልነበረበትም። አሁንም አምነውኝ ነበር።