ለሌላ መኪና የተጻፈ

ሱሚኤ በሆዷ ይዛው የኖረችው አንድ ንግግር ነው። የተናገረው ኢዋቡቺ ነው፤ በባሏ በናኦሂሮ ልቅሶ ላይ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የገደለው ነዳጅ የሚረግጠው የገዛ እግሩ ነው» አለ። «የመኪናውን ኮምፒውተር የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎኑ ተቀምጬ፣ በልኩ ነው የጻፍኩት። እንከን አይወጣለትም።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። ኢዋቡቺ ያኔ ከቶኪዮ ድረስ ኪሪዩ ከተማ የሚመጡለት ሰው ነበር። የስፖርት መኪና የያዘ ጎረምሳ ሁሉ ሕልሙ የመኪናውን ኮምፒውተር በኢዋቡቺ እጅ ማስጻፍ ነበር። ኮምፒውተር ሲባልም ሌላ አይደለም፤ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ከምንጣፉ ጀርባ የተሸጎጠ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሞተሩ ስንት ቤንዚን እንደሚጠጣ፣ ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ የሚያዘው እሱ ነው። ኢዋቡቺ የፋብሪካውን ቁጥር አጥፍቶ የራሱን ይጽፍበታል፤ ባለቤቱ እየነዳ፣ እሱ ጎን ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ሞተሩን እያዳመጠ። «ጎን ያልተቀመጥኩበትን መኪና አልጽፍም» ይል ነበር፤ ሰውም እንደ ጸሎት ይደግምለት ነበር።

ሱሚኤ ግን ናኦሂሮ ኮምፒውተሩን ያስጻፈ ዕለት ቤት ገብቶ ያላትን በጆሮዋ ሰምታለች። «አለቃ ኢዋቡቺ ሥራ በዝቶበታል። እኔ ጎረቤት ምግብ ቤት ሶባ በልቼ ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ» ነው ያላት። አንድ ሳህን የሶባ ፓስታ ቀን ሙሉ አይበላም። ይህንኑ ልቅሶው ላይ አፍ አውጥታ ተናገረች፤ አማቷ ቶሜ ክንዷን ቆንጥጠው ዝም አሰኟት። ለፖሊስም ተናገረች። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ስለ ሞተር ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃት። ዘጠነኛ ክፍልን እንደ ነገሩ ጨርሳ ስፌት ፋብሪካ የገባች ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች? አታውቅም። ሶባ ግን ታውቃለች። እሱን የጻፈላት የለም።

ናኦሂሮ ብቻውን ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ የሷ ብቻ ሆኖ በቀረ። ግን ኮምፒውተሩ በተጻፈ በሳምንቱ በፈጣኑ መንገድ ላይ ሲረግጠው ሞተሩ ድንገት ደርቆ ቀጥ አለ፤ መኪናው ተሽከረከረ፤ ከኋላ የነበረ የጭነት መኪና ጨፈለቀው፣ ራሱም ተገለበጠና ሾፌሩ ሞተ። ሱናጋ የሚባል፣ የልጆች አባት።

ከዚያ ወዲህ ቶሜ በየዓመቱ የአደጋው ዕለት ሲመጣ ጣፋጭ በሳጥን ይዘው የሱናጋ ቤት በር ላይ ይቆማሉ። ደወሉን ይደውላሉ፣ ግንባራቸው ጉልበታቸውን ሊነካ እስኪደርስ ይጎነበሳሉ። በሩ ተከፍቶ አያውቅም። ሱሚኤም ከኋላቸው ቆማ ትጎነበሳለች፤ ወገቧ ይታጠፋል፣ ልቧ አይታጠፍም።

«እማ፣ እሱ እኮ አላጠፋም» ትላለች ሲመለሱ።

«ልጄ ሰው ገድሎ ነው የሞተው። እኔ ካልጎነበስኩለት ማን ይጎነበስለታል? አንቺ እንደሆንሽ በቅሎ ነሽ፤ የያዝሽውን አትለቂም።»

አሁን ቶሜ አልጋ ይዘዋል። እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ነውሩ ግን አልለቀቃቸውም። በእንቅልፍ ልባቸው «ይቅርታ፣ አቶ ሱናጋ፣ ይቅርታ» ይላሉ። ሱሚኤን የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ አሮጊቷ በሰው ጥፋት አንገታቸውን ደፍተው ሊሞቱ ነው።

ሙቀቱ በበረታበት አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ኦዜኪ መጣ። የናኦሂሮ ጓደኛ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት መኪና ገዝተው ነበር። ዛሬ ጸጉሩ አልቆ ሆዱ ወጥቷል፤ መኪናዋን ግን አሁንም እንደ ሙሽራ ነው የሚይዛት። በር ላይ ቆሞ ቆቡን ሲያሽ አየችው።

«ምን ሆነሃል? ሽንት ቤት ፈልገህ ነው?»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ… ኮምፒውተሬ ሞተ። እርጅና ነው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አንጠባጥቦ ራሱን በልቶታል። መኪናዋን በተጎታች ነው እዚህ ያደረስኳት። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆየ፣ አሮጌም አይገኝ። እና የናኦሂሮ…»

የናኦሂሮ ኮምፒውተር ሙታን በሚታሰቡበት መደርደሪያ ላይ፣ ከፎቶው ጎን ነው ያለው። ከተጨፈለቀው መኪና ተርፎ፣ ፖሊስ ከእጅ ሰዓቱ ጋር መልሶላታል። አንድ ጥጉ ታጥፏል። የኢዋቡቺ ቀይ ምልክት ላዩ ላይ ተለጥፏል።

«የሟችን ጥርስ ስጪኝ ብትለኝ ይሻል ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። ልሂድ?»

«ሂድ መቼ አልኩህ? በሱ ትነሳለች?»

«መነሳቱንስ ትነሳለች። ግን ለናኦሂሮ መኪና ነው የተጻፈ። እኔ ትልልቅ ቤንዚን መርጫዎች አስገብቼ ነበር፤ የሱ የፋብሪካው ትንንሾቹ ነበሩ። በሱ ጽሑፍ የኔ ሞተር ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ግድ የለም፣ ከተነሳችልኝ ነድቼ እሄድና በልኳ አስጽፋለሁ።»

ሱሚኤ ፎቶውን አየች። ያንን ጽሑፍ በሞተር ላይ ሲሠራ ሰምታው አታውቅም።

«እዚሁ ግጠመው። እኔም ልስማ።»

ኦዜኪ ምንጣፉን ገልብጦ፣ የሞተውን ነቅሎ፣ የሟቹን ሰካ። «ከማርሚታው ራቂ፣ ልብስሽ ይጠቁራል» አላት። ሄዳ እዚያው ማርሚታው ጋ ቆመች፤ አትሂጂ የተባለችበት መሄድ ልማዷ ነው። ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ አላሳለም። ጭስም አልወጣ። ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና አንድ ወጥ ሆኖ ተነሳ። ረገጥ ሲያደርገው ሳይንገራገጭ ወጣ፣ ለቀቅ ሲያደርገው ወረደ።

«ታዲያ ደህና ነው እኮ!» አለች ሱሚኤ።

 የኦዜኪ እጅ መሪው ላይ ቀርቷል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ኦዜኪ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ዕድል ይሆናል።»

«ዕድል ካንዴላ ይተኩሳል እንዴ? ንገረኝ አልኩህ። ላልተማረ ሰው እንደሚነገር አድርገህ።»

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። «እትዬ፣ አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። ለቀጭን ሰው የተለካ ሱፍ እኔ ብለብሰው ምን ይሆናል?»

«በዚህ ሆድህ? ይተረተራል።»

«ይሄ አልተተረተረም። ልክክ ነው ያለው። ለናኦሂሮ አልተጻፈም፣ እትዬ። ለኔ ነው የተጻፈው። ኢዋቡቺ እኔ ጎን እውነትም ቀኑን ሙሉ ተቀምጧል፤ ላፕቶፕ ላፕቶፑን ሲያይ አጥወልውሎት አስመልሶብኛል። የዚያን ቅጂ ነው ለናኦሂሮ የገለበጠለት።»

«ሶባውን ሲበላ።»

«ሶባውን ሲበላ።»

«ከዚያስ?»

«ትልቁ መርጫ ብዙ ስለሚረጭ ኮምፒውተሩ ቶሎ ዝጋ ይለዋል። ትንሹን እንደዚያው ቶሎ ዝጋ ካልሽው ሞተሩ ቤንዚን ይጠማዋል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ፈጣን መንገድ ላይ ሲረግጡት ግን…» ቆቡን አወለቀ። «ፒስተኑ በጥም ግሎ ይቀልጣል፤ ሞተሩ ቀጥ ይላል።»

ሱሚኤ አላለቀሰችም። በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተመልሳ ተነሳች።

«ብያቸው ነበር» አለች። «ለሁሉም ብያቸው ነበር። ተነስ፣ ውሰደኝ።»

«እትዬ፣ ሰውየው ሽማግሌ ሆኗል። ሕጉም ጊዜው አልፎበታል።»

«ወደ ሕግ ውሰደኝ መቼ አልኩህ?»

የኢዋቡቺን ጋራዥ አሁን የሚያሠራው ልጁ ነው። ኢዋቡቺ ራሱ በር ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ከዘራውን ታቅፎ ይቀመጣል። መኪናዋ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለች አንገቱን ቀና አደረገ።

«አታጥፋው፣ አታጥፋው!» አለ ሲደርሱ፤ ፊቱ በርቷል። «ኦዜኪ ነህ አይደል? ተኝቼም አውቀዋለሁ። ይሄ የኔ ጽሑፍ ነው። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ የታለ? እነዚህ ልጆች ከኢንተርኔት ነው የሚገለብጡት።»

ሱሚኤ ከጎን ወንበር ወረደች። «ለዚህ መኪና ለመጻፉ እርግጠኛ ነዎት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ጎን ተቀምጬ የጻፍኩት እኮ ነው! ከዚህች መኪና በቀር በዓለም ላይ ለማንም አይሆንም።» ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ አላወቃትም። «የኦዜኪ ሚስት ነሽ?»

«የናኦሂሮ ሚስት ነኝ።» ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ገለበጠችው። «ይሄ ደግሞ የናኦሂሮ ኮምፒውተር ነው። ሬሳው በመጣልኝ ሰሞን የተሰጠኝ።»

ሞተሩ እየሠራ ነው። ኢዋቡቺ ቀዩን ምልክት አየ፣ የታጠፈውን ጥግ አየ። 

«ትልልቆቹን መርጫዎች አስገባለሁ ብሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያስገባ መሰለኝ።»

«ኮፈኑን ከፍተህ አላየህም?» ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷ ለራሷም አልታወቃትም።

«የበዓል ዋዜማ ነበር። ሰልፉ እስከ መንገዱ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መኪና…»

«ልቅሶዬ ላይ ቆመህ እግሩ ገደለው አልክ።»

«ያኔ ባወራ ጋራዡ ይዘጋ ነበር። ልጆች ነበሩኝ።»

«ሱናጋም ልጆች ነበሩት። ዕለቱ ደርሷል። ናና በራቸው ላይ ቆመህ አሁን ያልከውን በላቸው። ሌላ ካንተ የምፈልገው ነገር የለም።»

ኢዋቡቺ ግንባሩን ከዘራው ላይ ደፋ። ልጁ ዘይት የነካ እጁን እየጠራረገ ወጣ። «እሜቴ፣ አባቴ ልቡን ያመዋል፤ ሐኪሙ እንዳይበሳጭ ብሏል። የድሮ ነገር ነው፣ ይተዉት» አላት በትሕትና። አባቱን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባው። ኢዋቡቺ ዞር ብሎም አላየም። የጋራዡ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ በጠራራ ፀሐይ ወረደ።

ሱሚኤ ቤት ገብታ ሁሉንም ለቶሜ ነገረቻቸው። ደስ ይላቸዋል፣ ወይም እዬዬ ይላሉ ብላ ነበር። አሮጊቷ ጣራ ጣራውን እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ሰውየው ይመጣል?»

«አይመጣም፣ እማ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ልጄ እንደሆነ ያው ሞቷል። ያልሰሙት የሱናጋ ቤተሰቦች ናቸው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየች።

ዕለቱ ሲደርስ ሱሚኤ ጣፋጭ አልገዛችም። ኦዜኪ አድርሷት፣ እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። የሱናጋን ቤት ደወል ደወለችና ወገቧን ቀጥ አድርጋ ቆመች። እንደ ሁልጊዜው ማንም አልወጣም፤ የደወሉ ድምፅ ማጉያ መብራት ግን በርቷል። ሰው እያዳመጠ ነው።

«ሱሚኤ ነኝ፣ የናኦሂሮ ሚስት» አለች። «ዛሬ ልጎነበስ አልመጣሁም። ለአቶ ሱናጋ እስክሞት አዝናለሁ። የገደላቸው ግን የባሌ እግር አይደለም። ለሌላ መኪና የተጻፈውን ገልብጦ የሰጠው ሰው አለ፤ ባሌንም አቶ ሱናጋንም የገደለው እሱ ነው። ካፉ ሰምቻለሁ፣ ምስክር አለኝ። አማቴ ሊሞቱ ነው። ከዛሬ ወዲያ ከእኛ ቤት እዚህ በር ላይ የሚጎነበስ የለም። ሰውየው ኢዋቡቺ ሺጌሩ ይባላል።»

 ዛፉ ላይ በራሪ ነፍሳት ይጮኻሉ። ልትሄድ ዞር ስትል ማጉያው ተንኮሻኮሸ። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከዚያ ቤት የወጣ የመጀመሪያው ድምፅ።

«ስሙን ይድገሙልኝ።»

ሱሚኤ ተመለሰች። አፏን ወደ ማጉያው አስጠግታ ስሙን፣ ቀጥላም የጋራዡን ሰፈርና መንገድ፣ ለሚጽፍ ሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ ደገመችላቸው።