ቦሼ ምላጩ ላይ ተቀመጠች

ልጄ ይኸው ስድስት ወር ሞላው፣ የእኔ ሳቅ ግን አላባራም። የወለደች ሴት እንዲህ ትስቃለች ወይ ብላችሁ አትቆጡኝ። አማቴን በዚያ ቀን ብታዩዋቸው እናንተም ሆዳችሁን ይዛችሁ ትወድቁ ነበር!

አምና የወለድኩት ልጅ ሳያለቅስ ነው የቀረብኝ። ስለዚህ በዘንድሮው፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ምጤ ሲመጣ፣ ወንድ ይሁን ሴት ግድ አልነበረኝም። ብቻ ያልቅስልኝ።

ባሌ ሀብተጊዮርጊስ ጸሐፊ ነውና ነገሩን በቁጥር ይዞ ደጅ ቆሟል። እልልታው ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት። ጓዳ ውስጥ እኔ፣ አማቴ እትዬ የማርያምወርቅና ከሩቅ አገር ከዱቦ ያስመጣናት፣ አማርኛ የሚያደናቅፋት አዋላጅ ቦሼ ነበርን።

ልጁ ወጣ። ቦሼ በለሰለሰ የኮባ ቅጠል ተቀበለችው። አማቴ ወንድ መሆኑን አይተው በደስታ ራሳቸውን ረሱ፤ "እልልልል!" አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ልጁ ዝም ብሏል።

"ቁረጪው እንጂ! እትብቱ ሳይቆረጥ እንዴት ያልቅስ?" አሉ አማቴ።

ቦሼ በጨርቅ የተጠቀለለውን ምላጭ አነሳች። ተመስገን ልትቆርጥ ነው ስል፣ ከሥሯ ከታ ዘፍ ብላ ተቀመጠችበት!

"አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በል" አለቻቸው። የባላምባራስን ልጅ፣ አንቱ እንጂ አንቺ ሰምተው የማያውቁትን! የልጁን ጀርባ እያሸች ጣቴን ይዛ እትብቱ ላይ አኖረችው። "ይኸው፣ ይመታል። እናት ገና ይሰጣል። ለምን ይቆርጣል?"

እውነትም ጣቴ ሥር ድው ድው ይላል። ወይ ጉድ! እኔ እኮ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

አማቴ ግን ቦሼን ከምላጩ ላይ ሊያስነሱ ትከሻዋን ይዘው ይጎትታሉ። ቦሼ ወፍጮ ድንጋይ ሆናባቸዋለች፤ ንቅንቅ የለም። "እትዬ፣ ይተዉአት!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ደንግጠው ለቀቁ።

ልጁ አስነጠሰ። ከዚያ "እንጓ!" አለ፣ ጣራው እስኪነቃነቅ። እሰይ የእኔ ጌታ! አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ቦሼ አሁንም አልተነሳችም። እትብቱ ነጥቶና ላልቶ መምታቱን ሲያቆም ነው ተነስታ አስራ የቆረጠችው። ያን ጊዜ አማቴ የቀረባቸው እልልታ ትዝ አላቸውና አራቱን ለቀቁት።

ባሌ በሩን ደበደበ። "ሦስቱን ሰምቼ ሴት ናት ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ! አሁን አራቱ የምንድን ነው?"

ሳቄ ሆዴን ሊቀደኝ ደረሰ። አማቴም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እንባው ግን ሳቁ ካበቃም በኋላ አልቆመም። አጠገቤ ተቀመጡ።

"መብራት፣ አምና ምላጩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ" አሉኝ። "ቸኮልኩ። እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልኩም።"

ልጁን አንስቼ ደረታቸው ላይ አስተኛሁት። "የዘንድሮውን ይያዙልኝ እንግዲህ" አልኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሳህሊቱ ስታምጥ ቦሼ ገብታ ምላጩን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣችው። አማቴ ቀድመው ተቀምጠውበታል።